እናቴ «በጭስ ነው ያደግነው» ትለኛለች፤ ልጄ ደግሞ አስም አለበት

የቢኒ እናት (ሲያትል)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ከእናቴ ጋር ሳያጣላኝ በፊት ምክር ልጠይቅ ብዬ ነው።

የምንኖረው ሲያትል ደቡብ በኩል፣ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ የሰደድ እሳቱ ጭስ ከተማው ላይ ተኝቷል። ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ፀሐይዋ እንደ በርበሬ ቀልታለች፤ ማዶ ያለው ሕንፃ አይታይም። ስልኬ የአየሩን ብክለት መለኪያ ቁጥር 168 ይለዋል፣ ቀይ። ኤሲ የለንም፤ እዚህ ብዙ አሮጌ አፓርታማ የለውም። ስለዚህ ወይ ዘግተን እንቀቀላለን፣ ወይ ከፍተን እንታጠናለን።

ቢኒ ስድስት ዓመቱ ነው። ትናንት ሌሊት ሁለት ጊዜ እየሳለ ነቃ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ሳስጠጋ ያፏጫል። ሰማያዊውን ፓፍ ሰጠሁት፣ ተሻለው፣ ተኛ። እኔ ግን ሳልተኛ ነጋ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሰባት ወሯ ነው። እሷ ልጁን ባትይዝልኝ ሥራዬን እለቅ ነበር፤ ስለዚህ ቃል ስናገራት እየተጠነቀቅኩ ነው። ግን ጭሱን ከቁብም አትቆጥረው። «ይሄም ጭስ ተብሎ! አንቺን አዝዬ በኩበት ስጋግር ማን ጭንብል ሰጠኝ?» ትላለች። መስኮት ዘግቼ ስወጣ «ቤቱ ይተንፍስ» ብላ ትከፍታለች። መስኮት የምትዘጋው ቡና ስታፈላ ነው፤ የእጣኑ ሽታ እንዳይወጣባት። ቡናው በስቶቭ ነው፣ እሱስ ምንም አይደል። እጣኑ ግን በሺሻ ከሰል ነው የሚጨሰው። ትናንት ቀና ስል የጭስ አላርሙ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወንበር ላይ ወጥታ! ሳቄም መጣ፣ ደነገጥኩም።

ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ በቀን አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ማታ ሲገባ ራሱን ይዞ ነው።

ይሄ ጭስ እውነት ይህን ያህል ይጎዳል? ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው? ለልጁ ምን ላድርግ? እናቴንስ ሳላስቀይም ምን ልበላት?

አንድ ደግሞ ልናዘዝ። ቢኒ ጠዋትና ማታ የሚወስደው ሌላ ፓፍ አለ። ከጁላይ ጀምሮ ቀንሼበታለሁ። እናቴ «ሱስ ይሆንበታል» ስትል ልቤ ውስጥ ገባ። እባካችሁ አትስደቡኝ።

የመርካቶ ልጅ (ዳላስ)፦

እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። ሁላችንም የማድ ቤት ጭስ ጠጥተን ነው ለዚህ የበቃነው። ፈረንጅ ሲያካብድ አይጣል ነው። ለልጁ ወተት ስጪው፣ ወተት ሳንባ ያጥባል። ሰፈራችን ውስጥ ቀለም ቀቢ ሁሉ ማታ ወተቱን ጠጥቶ ነበር የሚገባው። ማታ ማታ ደግሞ ባህር ዛፍ ቀቅለሽ አጥኚው። አለቀ።

ጋሼ ሹፌር (ኦክላንድ)፦

ይሄን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

በ2018 ኖቬምበር ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ ተቃጥላ 85 ሰው አለቀ። ከእኛ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጭሱ ግን ወርዶ እኛ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ተቀመጠ። እኔ ታዲያ ደንበኛ መኪናው ታፈነ እንዳይለኝ መስኮት ከፍቼ እነዳለሁ፤ አፌ ላይ ደግሞ እርጥብ ስካርፍ አስሬያለሁ። ጀግና ነኝ ብዬ። ራሴን ሲያመኝ «ቡና አንሶኝ ነው» እያልኩ ቡና ጨመርኩ። ጭሱ ሄደ፤ ሳሉ ግን እስከ ገና አብሮኝ ከረመ።

በኋላ የተማርኩት እንዲህ ነው። እርጥብ ጨርቅ ዋጋ የለውም፤ ትልልቁን አመድ ይይዝ ይሆናል፣ የሚገድለውን ደቃቁን አይዝም። ሰማያዊው የሐኪም ማስክም በጎንና በጎኑ ያስገባል። የሚያዋጣው ኤን95 ነው፤ ሁለት ላስቲክ ያለው፣ ከፊት ጋር ጥብቅ የሚል። ጺም ካለው ግን አይያዝለትም። እኔ ጺሜን በጣም ስለምወድ ብዙ ጊዜ ክጃለሁ፤ እውነቱ ይሄ ነው።

መኪና ውስጥ መስኮት ይዝጋና የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ይጫን። ቀስት ክብ የሠራበት ነው። ተዘግቶ ብዙ ከተቆየ አየሩ ይቆሽሽና ድብትብት ያደርጋል፤ ስለዚህ ጭሱ ቀለል ያለበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ ይክፈት። ከጓንቲ ሳጥኑ ኋላ የካቢን ፊልተር አለ። የእኔን ሳወጣው የድሮ የፊት ፎጣ መስሎ ነበር። ይቀየር።

ሌላው፣ በዓይን አትፍረዱ። በ2020 ሴፕቴምበር 9 ቀን እዚህ ሰማዩ ብርቱካን ሆነ። በቀትር የመኪና መብራት አብርተን ነዳን፣ ምጽአት ነው ያለም ነበር። ግን ጭሱ ከላይ ስለነበር የዚያን ቀን መሬት ላይ ያለው አየር ያን ያህል ክፉ አልነበረም። የከፋው በማግስቱና ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ተራ ግራጫ ነው፣ ሰውም ተረጋግቶ ወጥቷል። እኔ አሁን ሰማይ አላይም፣ ቁጥር ነው የማየው። ኤርናው የሚባለው የአየር ብክለት ድረ ገጽ ላይ በየሰፈሩ ያለውን ያሳያል።

ሲስተር (ሚኒያፖሊስ)፦

የቢኒ እናት፣ ማንም አይሰድብሽም። የሳንባ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ «ሱስ ያስይዛል» ያልተባለበት የአበሻ ቤት አልገጠመኝም። ከእሱ ልጀምር፤ ከጭሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

የጠዋትና የማታው ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ሰማያዊው የጠበበ ቧንቧ ወዲያው ይከፍታል፣ ጥቂት ሰዓት ይሠራና ያልቃል። ያኛው ግን ቧንቧው ከመጀመሪያው እንዳይቆጣ የሚያደርግ ነው። በአንድ ቀን አይሠራም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ስታቆሚው ልጁ የሚብስበት ሱስ ስለያዘው አይደለም። በሽታው እዚያው ስላለ ነው። እናንተ ጭሱ ከመምጣቱ በፊት አጥሩን አፍርሳችሁ ጠበቃችሁት። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ። መቀነስሽን አትደብቂ፣ ይቆጡኛል ብለሽም አትፍሪ። ፓፉን ስትሰጪው ደግሞ ጫፉ ላይ በሚሰካው ቱቦ ይሁን፣ አለበለዚያ ግማሹ ምላሱ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ጭሱ። የሚጎዳው የምታዩት አይደለም። ፒኤም 2.5 የሚሉት ብናኝ ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች ነው፤ አንድ ጸጉር ከእሱ 30 ጊዜ ያህል ይወፍራል። አፍንጫም አክታም አያስቀረውም፤ የሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል፣ ከፊሉም ወደ ደም ይሻገራል። ጭስ በበዛ ሰሞን የአስም ብቻ ሳይሆን የልብና የስትሮክ ሕመምተኛም ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ያስቀመጠው ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው። አንቺ ያየሽው 168 በዚሁ ልክ ሲቆጠር ወደ 80 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ልጅ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከእኛ የበለጠ አየር ይስባል፤ ሳንባውም ገና እየተሠራ ነው። እርጉዝ ሴት ካለችም ትጠንቀቅ፤ ያለ ጊዜው መውለድና የሕፃኑ ክብደት ማነስ ከዚህ ጭስ ጋር ይያያዛሉ።

ቢኒ ቁጥሩ ከ100 ካለፈ ውጪ አይሩጥ። ከ150 በላይ ከሆነ ጤነኛውም ልጅ ቤት ይዋል። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አፍንጫው ከተነፋፋ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊው ፓፍ ካልያዘለት 911 ነው። «እስኪነጋ እንይ» የሚባል ነገር የለም።

ፌስታሉን አሁን አንሺው። ይሄን ጽሑፍ ሳትጨርሺ። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፣ አየር ማጣሪያም አይዘውም፤ የጭስ ብቻ የሆነ አላርምም አይለየውም።

ወንድሜ የመርካቶ ልጅ፣ በጭስ አድገን ለዚህ የበቃነው የተረፍነው ነን። በሳንባ ምች የሄደው የጎረቤት ልጅ መጥቶ አይነግርህም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ የማገዶና የከሰል ጭስ ምክንያት ሞቷል። ወተቱም ቢሆን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም። ባህር ዛፉን ተዉት፤ አስም ያለበትን ልጅ የበለጠ ሊያስጨንቀው ይችላል፣ ፈላው ውሃ ደግሞ ስንት ልጅ አቃጥሏል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ የኔ እህት። እናትሽ ራሳቸው ያስላቸዋል? ጠዋት ጠዋት? ደረጃ ሲወጡስ ይቆማሉ?

እጀ ሥራ (ስፖኬን)፦

አየር ማጣሪያ መግዛት ካቃታችሁ ይሄን ሞክሩ። አራት ማዕዘን የወለል ቬንትሌተር ግዙ፣ 20 ኢንች። 20 በ20 የሆነ፣ መርቭ 13 የተባለ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ጨምሩ። ፊልተሩን ከቬንትሌተሩ ጀርባ፣ አየር በሚስብበት በኩል ለጥፉት፤ ቀስቱ ወደ ቬንትሌተሩ ያመልክት። ዙሪያውን በወፍራም ፕላስተር እሸጉት። አለቀ። እኔ ሁለቱን ስገዛ 50 ዶላር አልሞላም። ቬንትሌተሩ ከ2012 በኋላ የተሠራ ይሁን፤ አሮጌው ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። ተኝታችሁም ወጥታችሁም አትተዉት።

አንድ ክፍል ምረጡና እዚያ አድርጉት። ሙሉ ቤት አላጸዳም ብላችሁ አትናደዱ፣ ልጁ የሚተኛበት ይበቃል። ዝግጁውን የምትገዙ ከሆነ ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ ኦዞን የሚያወጣውን አትንኩት፣ እሱ ራሱ ሳንባ ያቃጥላል።

እጣኑን በተመለከተ ትንሽ የብናኝ መለኪያ አለኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን ጭስ ባለበት ቀን ቤት ዘግታ አጨሰች። የሳሎናችን ቁጥር ከውጪው በለጠ! ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም። መጥበስም እንደዚያው ነው።

ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ውጪ የምትሠሩ፣ የመኪና ማቆሚያም ግንባታም፣ ከ2024 ጃንዋሪ ጀምሮ የጭስ ደንብ አለ። ቁጥሩ 101 ሲደርስ አሠሪ ኤን95 በነፃ ማቅረብ አለበት። ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ማንም አልሰጠኝም።

የቢኒ እናት፦

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ያስላታል። ጠዋት ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ። እኔ ልጅ ሆኜም ያስላት ነበር። እኛ ቤት «የእማዬ ሳል» ማለት እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፤ ነጋ ማለት ነው። በሽታ ነው ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ሦስተኛ ፎቅ ስንወጣ ደግሞ ሁለተኛው ላይ ቆማ የሰው በር ላይ ያለውን አበባ ታደንቃለች። ሰባት ወር ሙሉ አበባ የምትወድ ነበር የመሰለኝ።

ፌስታሉ ተነስቷል። ሐኪሙ ጋም ደውያለሁ፣ አልተቆጡኝም። ፓፉን እንደ ድሮው ጠዋትና ማታ ጀምረናል።

ሲስተር (ሚኒያፖሊስ)፦

ማሳያሽ ይሄ ነው እንግዲህ። «ጭሱ ልጁን ይጎዳዋል» ብለሽ አትጀምሪ፣ ያደጉበትን የምትንቂባቸው ይመስላቸዋል። «እማዬ፣ ሳልሽን ላሳይልሽ» ብለሽ ጀምሪ። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ፣ በኩበትና በእንጨት ሲያበስሉ የኖሩ ሴቶች የአየር ቧንቧቸው በዘመናት ይጠባል። ስሙ ሲኦፒዲ ነው። በስቴቶስኮፕ ብቻ አይታወቅም፣ የትንፋሽ ምርመራ ጠይቂላቸው። ዕጢም ነቀርሳም አይደል ብላችሁ አትተዉት። በዚህ ጭስ ቤትሽ ውስጥ ተጋላጭ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው።

የመርካቶ ልጅ (ዳላስ)፦

እሺ ሲስተር፣ እጅ ሰጥቻለሁ። የእኔም እናት ጠዋት ጠዋት ነው የምትስለው። ዛሬ እደውላለሁ። ወተቱ ግን ምን አጠፋ?

ሲስተር (ሚኒያፖሊስ)፦

ምንም። ለአጥንቱ ይጠጣ።

ጋሼ ሹፌር (ኦክላንድ)፦

ባለቤትሽ ራስ ምታቱ ተወው ወይ? ፊልተሩን ቀየረ?

የቢኒ እናት፦

ጠፋሁባችሁ፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጋሼ፣ ፊልተሩን ቀየረ። ውስጡ የዛፍ ቅጠል ሁሉ ነበር። ጺሙንም ተላጨ፤ ቢኒ በመጀመሪያው ቀን ተደበቀበት፣ እናቴ «አሁን ሰው መሰልክ» አለችው። ራስ ምታቱ ቀንሷል፤ ከማስኩ ይሁን ከመኪናው ፊልተር ይሁን አላውቅም፣ ሁለቱንም አንተውም።

ቬንትሌተሩን ሠራነው። መጀመሪያ ፊልተሩን ገልብጬ ለጠፍኩት፤ ቀስቱን ያየው ቢኒ ነው። መኝታ ቤት አስገብተን ለአራት ሌሊት ሁላችንም አንድ ክፍል ተኛን፤ ቬንትሌተሩን በየተራ እየጠበቅን። ይጮኻል፣ ይሞቃልም። ከአሥር ቀን በኋላ ነጩ ፊልተር የቡና አተላ መስሎ ወጣ። ለእናቴ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና በጣቷ ነካችው። አሽታ አየችው። «የማድ ቤታችን ግድግዳ» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ መስኮት ከፍታ አላየሁም። እኔ ስንት ቀን ለፈለፍኩ መሰላችሁ!

እጣኑን አልተወችውም። ጭስ ባለበት ቀን ግን አታጨሰውም፤ ከረጢቱን ፈትታ አፍንጫዋ ላይ ታደርግና ትስባለች፣ ከዚያ አቦል ትቀዳለች። ጠዋት ስነሳ ደግሞ «ዛሬ አየሩ ምን ለብሷል?» ትለኛለች። አንድ ቀን ወይን ጠጅ ለብሶ ነበር፤ «ይሄስ ለሠርግ ነው» አለች። ሐሙስ ዘነበ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ሁላችንም ወጣን።

የትንፋሽ ምርመራውን ባለፈው ሳምንት አደረገች። ቧንቧዋ ጠቧል። ሲስተር እንዳልሽው ነው። የጠበበው ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው አይመለስም አሉን፤ ግን መድኃኒት አለው፣ ጭስ ከቀነሰም እንዳይብስ ያደርጋል። እሷም ፓፍ ታዘዘላት። በቱቦው እንዴት እንደሚሳብ ያስተማራት ቢኒ ነው፤ «አያቴ፣ ቀስ ብለሽ፣ ከዚያ እስከ አሥር ያዢው» እያለ ይቆጥርላታል። ሰባት ላይ ትስቃለች፣ እንደገና ይጀምራሉ።

ሐኪም ቤት የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ምርመራው ቱቦ ውስጥ በኃይል መንፋት ነው። ልጅቷ በአስተርጓሚ «እፍ በይ፣ ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ አታቁሚ!» ትላታለች። እናቴ ሦስት ጊዜ ነፋች፣ ላብ በላብ ሆነች። ጨርሳ ወደ እኔ ዞረችና «አርባ ዓመት ምድጃ እፍ ስል የኖርኩትን ሴትዮ፣ እፍ በይ ትለኛለች» አለችኝ።